ምዕራፍ ሰባት፦ የዓይን ሕሙም ከቢላዋ በፊት ስለሚሰማው ዜማ

የሰው ልጅ ከሕዋሳቱ ሁሉ አብልጦ ለዓይኑ ይሳሳል። በአገራችን ቃሉን ሊያጸና የፈለገ ሰው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ሲምል፥ ከዚህ የበለጠ የማስይዘው ነገር የለኝም ማለቱ ነው። ስለዚህም ሆዱን ለመከፈት ወይም እግሩን ለመቀደድ በድፍረት እሺ ያለ ሰው እንኳ፥ ስለት ያለው መሣሪያ ወደ ዓይኑ እንደሚገባ የተነገረው ዕለት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እንቅልፉም ይሸሻል። በዚህም ላይ ሌላ ችግር ይታከልበታል። ሆዱ የሚከፈት ሕሙም በማደንዘዣ ኃይል አንቀላፍቶ የተደረገበትን ሁሉ ሳያውቅ ሲነቃ፥ የዓይኑ ሞራ የሚገፈፍለት ሕሙም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ፥ የሐኪሙን ድምፅ እየሰማ፥ የመሣሪያዎቹን እንቅስቃሴ በሐሳቡ እየተከታተለ፥ ወደ ብርሃኑ ተመልከት ሲሉት እየተመለከተ፥ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ሳይነቃነቅ መቆየት ይገባዋል። ሥጋው ደንዝዞ ልቡናው ያልደነዘዘ ሰው በምን ይጽናናል? የዚህ ምዕራፍ ነገር ይህ ነው፤ የምናቀርበውም መልስ፥ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ከጌጥ የቆጠሩት፥ ዛሬ ግን እንደ ማናቸውም መድኃኒት ተመዝኖ ዋጋው የታወቀው ዜማ ነው።

የዓይን ሕሙም ነቅቶ የሚታከምበት ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማደንዘዣ ከመታወቁ አስቀድሞ፥ ባለሙያው በቀጭን መርፌ ዓይኑን ወግቶ፥ የደፈረሰውን ሌንስ ከብሌኑ በስተኋላ ገፍቶ ወደ ዓይኑ ውስጥ ይጥለው ነበር፤ ሕሙሙም ይህን ሁሉ እየተሰማው፥ ጉልበተኞች ራሱን ይዘውት ይቀመጥ ነበር። ጀርመናዊው የዜማ ሊቅ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1750 በላይፕሲግ ከተማ፥ ጆን ቴይለር በተባለ፥ ሠረገላውን በዓይን ሥዕል አስጊጦ ከአገር ወደ አገር በሚዞር እንግሊዛዊ ሐኪም እጅ ሁለት ጊዜ በዚህ ዓይነት ከታከመ በኋላ፥ ብርሃኑ ሳይመለስለት በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሞተ። ይኸው ቴይለር ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያ ዘመን ሁለተኛ የዜማ አባት የሆነውን ሃንድልን አከመ፤ ሃንድልም እንደ ባኽ ሁሉ ዕውር ሆኖ በ1759 ዐረፈ። የሁለቱ ሊቃውንት ድርሰት ዛሬ በየቀዶ ጥገናው ክፍል ሲሰማ፥ እነርሱ ራሳቸው ግን በዚያ በጨነቃቸው ሰዓት የሚያጽናና ዜማ የከፈተላቸው ሰው መኖሩን የሚነግረን የለም።

ይህን ሥቃይ ያቆመው ካርል ኮለር የተባለ ወጣት የቪየና ሐኪም ነው። በ1884 ከኮካ ቅጠል የሚወጣውን ኮኬይን በጠብታ መልክ አዘጋጅቶ፥ አስቀድሞ በእንስሳት ዓይን፥ ቀጥሎም በራሱ ዓይን ላይ ፈትኖ፥ የዓይንን ገጽ ፈጽሞ እንደሚያደነዝዝ አረጋገጠ። ሃይድልበርግ ላይ ወደ ተደረገው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ የሚሄድበት ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት ይባላል፤ ዜናው ግን ባለቤቱ ሳይሄድ ዓለምን ዞረ። ከዚያ አስቀድሞ የነበረው ኤተር ሰውን ቢያስተኛም፥ ሕሙሙ ሲነቃ ሳልና ማስመለስ ያስከትልበት ስለ ነበር፥ ገና ለተከፈተ ዓይን የማይስማማ ነገር ነበር። ስለዚህ ጠብታው ከመጣ ወዲህ የዓይን ሕሙም ሳይተኛ መታከሙ ደንብ ሆነ። ሕመሙ ተወገደ፤ ፍርሃቱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

በ1967 ደግሞ ቻርልስ ኬልማን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፥ በጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በሚያጸዳለት ነዛሪ መሣሪያ ተመርቶ፥ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ሞራውን አድቅቆ በቀጭን ቱቦ የሚመጠውን ዘዴ ፈጠረ። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ ሰው ከሐኪምነቱ ጋር የሳክስፎን ነፊ መሆኑ፥ በስመ ጥሩው በካርኔጊ አዳራሽ እስከ መጫወት የደረሰ መሆኑ ነው። የዓይን ሕክምናና ዜማ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው እንዳደሩ የሚያሳይ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም።

አሁን ሕሙሙ የሚያልፍበትን ሥርዓት ቀረብ ብለን እንመልከት፤ ፍርሃቱ ከወዴት እንደሚመነጭ ሳይታወቅ ስለ ማስታገሻው መናገር ከንቱ ነውና። ሕሙሙ በማለዳ ይመጣል። ስሙና የሚታከመው ዓይኑ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ይጠየቃል፤ ይህ ስሕተት እንዳይፈጠር የሚደረግ ጥንቃቄ ቢሆንም፥ «የትኛው ዓይን እንደሆነ እንኳ አያውቁምን?» የሚል ስጋት በልቡ ይዘራል። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ተደጋግሞ ይደረግለታል፤ ስለዚህ የምታየው ጥቂት ብርሃን እንኳ ትደበዝዛለች። ከዚያም ይጠብቃል። አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፥ አንዳንዱም ከዚያ የበለጠ፥ ቀጭን የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፥ ከእርሱ በፊት የገባውን ሰው እያሰበ ይጠብቃል። ፍርሃት የሚሰለጥነው በዚህ በመጠበቂያ ሰዓት ነው። ወደ ውስጥ በገባም ጊዜ ፊቱ በአዮዲን ይታጠባል፥ አንድ ዓይን ብቻ በሚያሳይ ጨርቅ ይሸፈናል፥ የዓይኑ ቆብ በሽቦ ተይዞ ይከፈታል፥ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ይበራበታል። ከዚህ በኋላ ሥራው ያለ እንቅፋት ከሄደ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ የሚቀደደውም ስፍራ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር አይበልጥም። ሕሙሙ ሕመም አይሰማውም፤ ነገር ግን ውኃ ሲፈስ ይሰማዋል፥ ቀለማት ሲዋኙና ብርሃን ሲለዋወጥ ያያል፥ መሣሪያውም ሞራውን ሲመጥ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ይሰማል። ያ ድምፅ ለሐኪሙ የሥራው ምልክት ነው፤ አስቀድሞ ላልተነገረው ሕሙም ግን የዓይኑ መፍረስ ድምፅ ይመስለዋል።

ፍርሃት የኅሊና ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አይዞህ ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን አደጋ የመጣ በመሰለን ጊዜ፥ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠሩት ነርቮች ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ቀስቅሰው አድሬናሊን ወደ ደም ያስረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ የደም ሥር ይጠባል፥ የደም ግፊት ይወጣል፥ እስትንፋስ ይቆራረጣል። ከአንበሳ ለሚሸሽ ሰው ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ለሐኪም ለሰጠ ሰው ግን ጠንቅ ይሆንበታል። የዓይን ሞራ ብዙውን ጊዜ የአረጋውያን ደዌ ስለሆነ፥ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ አስቀድሞም የደም ግፊት ያለባቸው ናቸው። ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወጣ ሥራው ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ዓይኑ ከተከፈተ በኋላ ሲወጣ ደግሞ፥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርሰውን ነገር ግን የዓይን ሐኪም ከሁሉ አብልጦ የሚፈራውን ከዓይን ጀርባ የሚነሣ ደም መፍሰስ ሊያባብስ ይችላል። ያልታሰበ የራስ ንቅናቄም፥ በሚሊሜትር ለሚለካ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ሕሙሙን በመርፌ ማረጋጋት ይቻላል። ሚዳዞላምና እርሱን የመሰሉ ማረጋጊያዎች በየሆስፒታሉ አሉ፤ ሥራቸውንም ይሠራሉ። ነገር ግን በሽማግሌ ሰውነት ላይ እስትንፋስን ያዳክማሉ፥ አእምሮን ያደናግራሉ፥ አንዳንዱንም በሥራው መካከል አስተኝተው በድንገት አስደንግጠው ያነቁታል፤ የሚናገሩትን ሰምቶ መታዘዝ የሚገባውን ሰው እንዳይሰማ ያደርጉታል። መርፌ የሰጠ ሆስፒታል ደግሞ የሚጠብቅ ባለሙያና የሚከታተል መሣሪያ ማቆም አለበት። ስለዚህ ሐኪሞች ልቡናን ሳያጨልም የሚያሳርፍ ነገር መፈለጋቸው ተገቢ ነበር።

የእኛ አባቶች በዜማና በሕመም መካከል ያለውን ነገር በትውፊት አውቀውታል። ግንቦት 11 ቀን የሚታሰበው የአክሱሙ ካህን ቅዱስ ያሬድ፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈበትን ጦር በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለው፥ ደሙም ሲፈስ አዜመኛውም ሰሚውም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሳያውቁት እንደ ቆዩ ስንክሳሩ ይተርካል። ይህን የምጠቅሰው የሕክምና ማስረጃ አድርጌ አይደለም፤ የቅዱሳን ታሪክ የሚነበብበት ሌላ መንገድ አለው። ነገር ግን ተራኪው አንድ ነገር አስተውሏል፤ ልቡና በሌላ ስፍራ ተይዞ ሲውል ሥጋ የሚያቀርበው አቤቱታ ሰሚ ያጣል። የዛሬው ሐኪም የሐሳብ መወሰድ እያለ የሚመራመርበት ነገር ይኸው ነው።

ሌላውም ምሳሌ ከመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ነው። ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ንጉሥ ሳኦል ዳዊትን አስጠርቶ በገና ያስደረድር ነበር፤ በዚያም ዕረፍት ያገኝ ነበር። ስለ ዜማ ፈውስነት የሚናገሩ ሰዎች ሁሉ ይህን በደስታ ይጠቅሳሉ፤ ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብለው ማንበብ ግን ይረሳሉ። በዚያ ላይ ዳዊት እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦሩን አንሥቶ ወረወረበት። እንግዲህ ያው ንጉሥ፥ ያው ደርዳሪ፥ ያው መሣሪያ ሳለ፥ አንድ ቀን የፈወሰው በሌላ ቀን ሳይሠራ ቀረ። ስለ ማናቸውም መድኃኒት የሚጽፍ ሰው ይህን ሁለተኛውን ጦር ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ማስታወስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ዜማን በግልጽ ካስገቡት ሐኪሞች አንዱ ኤቫን ኬን የተባለ የፔንሲልቫንያ ሐኪም ነበር፤ በ1914 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ደብዳቤ፥ ማደንዘዣው እስኪይዝ ድረስ የሕሙማኑን ሐሳብ ከድንጋጤ ለመመለስ ሸክላ ማጫወቻ እንደሚያስከፍት ነገረ። ኬን ነገሩን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1921 በስፍራ ማደንዘዣ ብቻ ተወግቶ የገዛ ራሱን ትርፍ አንጀት በገዛ እጁ ቆርጦ አወጣ። ነቅቶ የሚቀደድ ሰው ምን እንደሚሰማው ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሊኖር አይችልም።

የኬን ሸክላ ግን የአንድ ሐኪም ልማድ ነበር እንጂ በፈተና የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። ለዓይን ሕሙማን ፈተናውን ግልጥ አድርገው ካቀረቡት መካከል በ2001 የታተመው የኬረን አለንና የባልደረቦቿ የቡፋሎ ጥናት አንዱ ነው። 40 አረጋውያን በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የወደዱትን ዜማ ራሳቸው መርጠው በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፥ ግማሾቹም ያለ ዜማ የዓይን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከሳምንት በፊት የሁሉም የደም ግፊት በአማካይ 129 በ82 ነበር። በቀዶ ጥገናው ዕለት ጧት ግን ሁለቱም ወገኖች እኩል ደንግጠው ግፊታቸው 159 በ92 ደረሰ፤ የልባቸውም ምት በደቂቃ በ17 ጨመረ። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል፤ ገና ማንም እጁን ሳያነሣባቸው፥ መጠበቃቸው ብቻ ይህን ሁሉ አደረገ። ከዚያም ዜማ የተከፈተላቸው ሰዎች ግፊት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እየወረደ ወደ ቀድሞው ልኩ ሲመለስ፥ ያልተከፈተላቸው ግን ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ከፍ እንዳለባቸው ቆዩ።

ከዚህም በኋላ ነገሩ በፓሪስ በኮሻን ሆስፒታል ሰፋ ባለ መልክ ተመረመረ። ዶክተር ዢል ጌሪዬና ባልደረቦቻቸው በ2016 ለአውሮፓ የማደንዘዣ ሐኪሞች ጉባኤ ባቀረቡት ጥናት፥ ለሞራ ቀዶ ጥገና ከመጡ 62 ሕሙማን መካከል ከጃዝ እስከ ፍላሜንኮ፥ ከኩባ ዘፈን እስከ ፒያኖ ከተዘጋጁ 16 ዓይነት ዜማዎች የመረጡትን ለሩብ ሰዓት ያህል የሰሙት፥ ፍርሃታቸው ከ100 በሚታረም መለኪያ 23 ሲሆን፥ ያልሰሙት 65 ሆኖ ተገኘ። በ2021 በታተመው ትልቁ ጥናታቸው ደግሞ 310 ሕሙማን ተሳተፉ። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባል፤ ዜማ ላልተሰጣቸውም ቢሆን የውጭውን ጫጫታ የሚያግድ የጆሮ ማዳመጫ ባዶውን አጠለቁላቸው። በሥራው ላይ ሳሉ የደም ግፊታቸው ከተወሰነው ልክ ያለፈ፥ ለ20 ደቂቃ ዜማ ከሰሙት ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፥ ባዶ ማዳመጫ ካጠለቁት ከመቶ 53 ያህሉ ነበሩ። ማረጋጊያ መርፌም ዜማ ለሰሙት ያስፈለገው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። እንግዲህ የሚያሳርፈው የጫጫታው መጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወገኖች እኩል በሆኑ ነበር። ዝምታ ለሚፈራ ሰው ዕረፍት አይሰጠውም፤ ይልቁንም ለፍርሃቱ ሰፊ ቤት ያገኝለታል።

በኮሻን የተሰማው ዜማ እንዲያው በዘፈቀደ የተሰደረ አልነበረም። የዜማው አካሄድ በሀ ፊደል ቅርጽ የተበጀ ነው፤ ከላይ በመካከለኛ ፍጥነት ይጀምርና ቀስ በቀስ እየዘገየ፥ የመሣሪያዎቹም ቁጥር እያነሰ፥ ድምፁም እየለዘበ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያ በታችኛው ስፍራ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሰሚውን ለማንቃት መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህም የተደረገበት ምክንያት አለ። የሰው እስትንፋስና የልብ ምት፥ ባለቤታቸው ሳያዝዛቸው፥ ጆሮ ወደሚቀበለው ምት የመጠጋት ጠባይ አላቸው። ነገር ግን ልቡ እየዘለለ ላለ ሰው ከመጀመሪያው እጅግ የዘገየ ዜማ ቢሰጡት አብሮ አይሄድም፤ ካለበት ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት መመራት ይፈልጋል። አእምሮም በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር መሸከም የማይችል ስለሆነ፥ የሚወደውን ዜማ ተራ በተራ ሲጠብቅ፥ የሚያስፈራውን ነገር ለማሰብ የሚተርፈው ስፍራ ይጠብበታል።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ለይቼ ማጉላት እወዳለሁ፤ እርሱም የምርጫ ነገር ነው። በሁለቱም ከተማ ሕሙማኑ ዜማውን መርጠዋል። ያችው ኬረን አለን በ1994 ባሳተመችው ሌላ ጥናት 50 የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሒሳብ እየቀነሱ ሲፈተኑ፥ ራሳቸው የመረጡት ዜማ ሲከፈትላቸው ሥራቸው ፈጥኖ፥ ስሕተታቸው አንሶ፥ ሰውነታቸውም ይበልጥ ረግቶ ሲገኝ፥ ለማሳረፍ ተብሎ ተመራማሪዎቹ የመረጡላቸው፥ ፓኸልበል የተባለው የዜማ ሊቅ ድርሰት ያን ያህል አልረዳቸውም። በቀዶ ጥገና ቀን ሕሙም የሚያዝበት ነገር የለውም፤ ልብሱን አውልቆ፥ መነጽሩን አስረክቦ፥ ሰዓቱንም ዓይኑንም ለሌላ ሰው ሰጥቶ ይተኛል። የዜማው ምርጫ በእጁ የቀረች ብቸኛ ሥልጣን ናት። እርሷንም ከወሰዱበት፥ ዜማው የሆስፒታሉ ጫጫታ ተጨማሪ ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ከመጠበቂያው ክፍል ማዕዘን ላይ ሆኖ ዜናና ማስታወቂያ የሚለፈልፈውን ሬዲዮ ከዚህ ሕክምና ጋር የሚያስተካክል ሰው ካለ፥ በእኔ አስተያየት ተሳስቷል።

ይህ ነገር በአገራችን ሲታሰብ ይበልጥ ይገለጣል። በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፥ ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዕውራን ሆነው ሲገኙ፥ የግማሾቹ ያህል መንሥኤ የዓይን ሞራ ነበር። እንግዲህ ይህን ቀዶ ጥገና የሚጠብቁት አረጋውያን ብዙ ናቸው። በዐቢይ ጾም ወራት ከገጠር የመጡ አንዲት ባልቴት ጆሮ ላይ የፍቅር ዘፈን ብትከፍት፥ ፍርሃታቸው ሳይቀንስ የኃጢአት ስጋት ትጨምርባቸዋለህ። ነርሷ ጠጋ ብላ «እማማ፥ እስኪጠሩ ድረስ ምን ልክፈትልዎ?» ብትላቸው፥ «ጾም አይደል ልጄ፤ በገና ካለሽ እሱን አሰሚኝ» ይሏታል። በጾም ወራት የለመዱት፥ አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ፥ በአውታሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ወፈር ብሎ የሚነዝር፥ ዝግ ያለ፥ ያለ ችኮላ የሚመላለስ ድምፅ ስላለው፥ የኮሻን ሊቃውንት በብዙ ድካም የሰደሩትን ዝግታ ገና ሲጀምር የያዘ ይመስለኛል። ለወሎው ሽማግሌ መንዙማ፥ ለእረኛው ዋሽንት፥ በከተማ ላደገውም የወጣትነቱ ዘመን ዘፈን እንዲሁ ነው። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚያውቀው ግን ጆሮው ብቻ ነው። ከዘመዶቹ ጋር በባዕድ አገር የሚኖር፥ የሐኪሙን ቋንቋ የማያውቅ አረጋዊ ደግሞ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚገባው ድምፅ ይኸው የአገሩ ዜማ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሁለተኛው ጦር ቃል ገብቻለሁና ወደ እርሱ ልመለስ። ኮክሬን የተባለው፥ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2013 ባወጣው መግለጫ፥ ከማናቸውም ቀዶ ጥገና በፊት ስለሚሰጥ ዜማ የተደረጉ፥ 2,051 ሕሙማን የተሳተፉባቸው 26 ጥናቶች ተመዝነው ነበር። ዜማው ፍርሃትን እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ልኩም ከ20 እስከ 80 በሚቆጠር መለኪያ በአማካይ 5.7 ያህል ነበር። ይህ የማይናቅ ነገር ነው፤ ተአምር ግን አይደለም፤ በየጥናቱም ልዩነቱ እኩል አልሆነም። ደግሞም ዜማ የሚሰማ ሰው ዜማ እየሰማ መሆኑን ስለሚያውቅ፥ እንደ ክኒን ማስመሰያ ሰጥቶ መፈተን አይቻልም፤ ስለዚህ ሕሙማኑ በቃላቸው ከሚናገሩት ይልቅ የደም ግፊቱን ቁጥር አብልጬ አምነዋለሁ። ከሁሉም በላይ፥ ያልተገለጠለትን ሕሙም ዜማ አይገልጥለትም። ቀለማት ልታይ ትችላለህ፥ ውኃ ይሰማሃል፥ መሣሪያው ይጮኻል፥ ይህ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው ሐኪም ያላገኘ ሰው፥ ከጆሮው ላይ ማዳመጫውን ያነሡበት ዕለት ፍርሃቱ እንደ ነበረ ይጠብቀዋል። በኮርያ በተደረገ ጥናት በቀዶ ጥገናው ጊዜ እጁን የሚይዝለት ሰው ያገኘ ሕሙም ፍርሃቱ እንደሚቀል ታይቷል፤ ያም እንደ ዜማው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው።

አንባቢ ሆይ፥ አባትህን ወይም እናትህን ለሞራ ቀዶ ጥገና የምታደርስ ከሆነ፥ ከዋዜማው ምን መስማት እንደሚወዱ ጠይቅና ግማሽ ሰዓት የሚበቃ ዜማ በስልክ ላይ ጫንላቸው፤ ማስታወቂያ በመካከል እንዳይገባ፥ ጥሪም እንዳይመጣ አድርገህ አዘጋጀው። በመጠበቂያው ክፍል ማዳመጫውን አጥልቅላቸው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጆሯቸው የሚከብድና የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ለነርሷ አስቀድመህ ንገራት። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ማዳመጫውን ማውለቅ ወይም አለማውለቅ የሐኪሙ ፈንታ ነው፤ አንዳንዱ ሕሙሙ ቃሉን በግልጽ እንዲሰማለት ይፈልጋልና ከዋዜማው ጠይቀው። የአንተን ምርጫ ግን አትጫንባቸው።